በእጅ ለሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ሰዓት ምን ይገዛል? ባለ ምድጃ ክሪስታል፣ ራሱን የሚያርም ቺፕ ወይስ ሳተላይት

በገዛ እጁ ኤሌክትሮኒክ ሰዓት ለመሥራት የተነሣ ሰው ጊዜውን በብዛት የሚፈጀው ማሳያውን በመምረጥ ነው፤ ቁጥሮቹ ቀይ ይሁኑ ወይስ አረንጓዴ፣ ሣጥኑ እንጨት ይሁን ወይስ ፕላስቲክ። ሰዓቱ ከሦስት ወር በኋላ ምን ያህል እንደሚስት የሚወስነው ግን ከማሳያው ጀርባ ያለች አንዲት ትንሽ የኳርትዝ ቁራጭ ናት። እዚህ የሚነጻጸረው እሷ ናት፤ ተራው ክሪስታል፣ ሙቀት እየለካ ራሱን የሚያርመው ቺፕ፣ ምድጃ ውስጥ የሚኖረው ክሪስታል፣ በመጨረሻም ጊዜውን ከሳተላይት የሚወስደው መቀበያ። የማሳያውን ቀለም ለየራስ ምርጫ ትቼዋለሁ።

ሻጮች የሚጽፉት የትክክለኛነት ቁጥር ፒፒኤም ይባላል፤ ከሚሊዮን አንድ እጅ ማለት ነው። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ስለሆነ የ1 ፒፒኤም ስሕተት በቀን 86.4 ሚሊ ሰከንድ፣ በዓመት ደግሞ 31.5 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ይህን አንዴ በቃሉ የያዘ ሰው በማስታወቂያ አይሸወድም። «እጅግ ትክክለኛ፣ 20 ፒፒኤም» ተብሎ የተጻፈበት ዕቃ በዓመት እስከ 10 ደቂቃ ተኩል ሊስት እንደሚችል ወዲያው ያሰላል።

ተራው ክሪስታል

በአብዛኞቹ ሰዓቶች ውስጥ ያለው ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይነዝራል። ቁጥሩ እንዲሁ የመጣ አይደለም። ከ1 ተነሥቶ 15 ጊዜ እጥፍ በማድረግ የሚገኝ ስለሆነ፣ ለሁለት ለሁለት የሚያካፍል ቀላል ቆጣሪ 15 ደረጃ ሲወርድ ልክ በሰከንድ አንድ ምት ያወጣል። ክሪስታሉ ርካሽ ነው፤ የሚፈጀውም ኃይል ከምንም አይቆጠርም።

ጠላቱ ሙቀት ነው። ይህ ዓይነቱ ክሪስታል በጣም የሚፈጥነው በ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም ይዘገያል። የመዘግየቱ መጠን የሚያድገው በሙቀት ልዩነቱ ካሬ ሲሆን ማባዣው 0.034 ፒፒኤም ገደማ ነው። የክፍሉ ሙቀት ከ25 በ10 ዲግሪ ከራቀ 3.4 ፒፒኤም፣ በ20 ዲግሪ ከራቀ 13.6 ፒፒኤም ይዘገያል። ብርዱም ሙቀቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚገፉት የሌሊቱ ስሕተት የቀኑን አያካክስም፤ ይደመርበታል እንጂ። ክንድ ላይ ታስሮ የሚውል ርካሽ ሰዓት መስኮት አጠገብ ከተሰቀለ የግድግዳ ሰዓት በላይ የሚታመነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሰው ገላ ሙቀቱን አንድ ቦታ ላይ ይይዝለታል።

ይህን ክሪስታል ዲኤስ1307 ከተባለው የሰዓት ቆጣሪ ቺፕ ጋር የሚያገናኝ ሰው ክሪስታሉ የሚጠብቀውን የካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) መጠን ያረጋግጥ። ቺፑ የተሠራው ለ12.5 ፒኮፋራድ ክሪስታል ነው፤ ለ6 ፒኮፋራድ የተቆረጠ ክሪስታል ቢገጠምለት ይሠራል፣ ግን ፍጥነቱ ይዛባል። ሰዓቱን በየሁለት ሳምንቱ ማስተካከል የማይሰለቸው ሰው ይግዛው። ሌላው ባይገዛው ይሻላል።

ከዚህም የባሰ አለ። የሰዓት ክሪስታል ጨርሶ ሳይገዙ የማይክሮኮንትሮለሩን (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኮምፒውተር ቺፕ) የራሱን ምት መቁጠር የሚቃጣቸው ጥቂቶች አይደሉም። አርዱዊኖ ኡኖ በተባለው የማይክሮኮንትሮለር ቦርድ ላይ ዋናውን ቺፕ የሚነዳው ኳርትዝ ሳይሆን የሴራሚክ ሬዞኔተር ነው፤ የሚፈቀድለትም ስሕተት ግማሽ በመቶ ይደርሳል። ግማሽ በመቶ 5,000 ፒፒኤም ነው፤ በቀን ከ7 ደቂቃ በላይ። ይህን ሰዓት ብሎ መጥራት ይከብዳል።

ራሱን የሚያርመው ቺፕ

ዲኤስ3231 ክሪስታሉንም፣ የሙቀት መለኪያውንም፣ ቆጣሪውንም በአንድ ጥቁር ቺፕ ውስጥ ይዞ ይመጣል። በየ64 ሰከንዱ የራሱን ሙቀት ይለካል፤ ከዚያ በውስጡ ካሉት ትናንሽ ካፓሲተሮች የሚፈለገውን ያህል እየጨመረና እየቀነሰ ክሪስታሉን ወደ ትክክለኛው ፍጥነት ይመልሳል። ሙቀቱን አያስቆመውም፤ ሙቀቱ ያመጣውን ጥፋት ግን እየተከተለ ይጠግናል። ፋብሪካው ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ክልል ከ2 ፒፒኤም እንደማያልፍ ዋስትና ይሰጣል። ይህ በዓመት አንድ ደቂቃ ያህል ነው፤ ያውም በከፋው ሁኔታ።

ብዙ ገዢ የማያውቀው ግን ከዚህም መውረድ እንደሚቻል ነው። ቺፑ ውስጥ ለእርጅና ማስተካከያ የተቀመጠ አንድ የቁጥር ቦታ አለ። ከ128 በታች የሆነ ቁጥር፣ ፖዘቲቭም ኔጋቲቭም፣ ይቀበላል። በክፍል ሙቀት እያንዳንዱ እርከን ፍጥነቱን በ0.1 ፒፒኤም ገደማ ይለውጠዋል፤ በዓመት 3 ሰከንድ መሆኑ ነው። ፖዘቲቭ ቁጥር ሰዓቱን ያዘገየዋል፣ ኔጋቲቭ ያፈጥነዋል። ሰዓቱን ከታመነ ምንጭ ጋር አስተካክሎ ለአንድ ወር መተው፣ የሳተውን በሰከንድ መለካት፣ ወደ ፒፒኤም መለወጥ፣ ቁጥሩን መጻፍ፤ በቃ። ለምሳሌ በ30 ቀን 2 ሰከንድ የቀደመ ሰዓት 0.77 ፒፒኤም ፈጥኗልና 8 ቢጻፍለት ልኩ ይመጣል። ለውጡ የሚሠራው ቺፑ በሚቀጥለው ጊዜ ሙቀት ሲለካ ስለሆነ ወዲያው ለውጥ ካላዩ አይደንግጡ። ሙቀቱ ብዙ በማይለዋወጥ ክፍል ውስጥ በዚህ መንገድ በዓመት ጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚስት ሰዓት ማግኘት ይቻላል። ክሪስታሉ ግን ያረጃል፤ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 1 ፒፒኤም ሊሸሽ ስለሚችል ልኬቱን በዓመቱ መድገም ያስፈልጋል።

ሲገዙ ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛው በቺፑ ጀርባ ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ፊደል ነው። ኤስ ኤን የሚለው የክሪስታሉ ዓይነት ነው፤ ኤም የሚለው ግን በውስጡ ኳርትዝ የለውም፣ በምትኩ ከሲሊከን የተሠራ ነዛሪ ይዟል፣ ዋስትናውም 5 ፒፒኤም ነው። መጥፎ ቺፕ አይደለም፤ በሌላው ዋጋ መሸጡ ነው የሚያናድደው።

ሁለተኛው የባትሪው ነገር ነው። በርካሽ የሚሸጠው ሰማያዊ ሞጁል ባትሪውን የሚሞላ መስመር አለው፤ አንድ ዳዮድና አንድ 200 ኦም ሬዚስተር ናቸው። ይህ የተሠራው ዳግም ለሚሞላ ባትሪ ነው። ቦታው ላይ ግን ብዙ ሰው የሚገጥመው ሲአር2032 የተባለውን፣ ፈጽሞ መሞላት የሌለበትን ክብ ባትሪ ነው። ሞጁሉ በ5 ቮልት ሲሠራ ያንን ባትሪ ሌት ተቀን ይሞላዋል፤ ባትሪው ያብጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ሬዚስተሩን በብየዳ ብረት ነክቶ ማንሣት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ቺፑ በባትሪ ብቻ ሲቆም የሚፈጀው ጥቂት ማይክሮ አምፒር ስለሆነ መብራት ቢጠፋም ሰዓቱን ለዓመታት ይቆጥራል። ይህ ባሕርይ ወደ ምድጃው ስንሻገር የምንናፍቀው ነው።

ምድጃ ውስጥ ያለው ክሪስታል

ባለ ምድጃ ኦሲሌተር (ኦሲሌተር ማለት ክሪስታሉን እያነዘረ ምት የሚያወጣ ሰርኪዩት ነው) ነገሩን ከሥሩ ይይዘዋል። የሙቀት ለውጥ ያመጣውን ስሕተት እየተከተለ ከማረም ይልቅ ሙቀቱ እንዳይለወጥ ያደርጋል። ክሪስታሉ በትንሽ የብረት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ማሞቂያና የሙቀት መለኪያ አብረውት ይገባሉ፤ ሙቀቱ ክፍሉ ከሚደርስበት ከየትኛውም ሙቀት በላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ላይ እንዲቆም ይደረጋል። ውጭው ቢበርድ ማሞቂያው ይጨምራል፣ ቢሞቅ ይቀንሳል፤ ክሪስታሉ ወቅት መለወጡን አያውቅም። በጥሩዎቹ ውስጥ ያለው ክሪስታል ኤስሲ በሚባል አቅጣጫ የተቆረጠ ነው። ጥቅሙ በምድጃው ሙቀት ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ለሙቀት ለውጥ ምላሽ መስጠቱን ሊያቆም መቃረቡ ነው።

ውጤቱ በቁጥር ሲታይ ልብ ይሞላል። ሙቀት ብቻ የሚያመጣው ለውጥ ወደ 0.01 ፒፒኤም፣ በተሻሉት ላይ ወደ 0.001 ፒፒኤም ይወርዳል። የመጀመሪያው በቀን ከአንድ ሚሊ ሰከንድ በታች ነው። ከተነቀሉ የስልክ ኔትወርክ መሣሪያዎች የወጡ ያገለገሉ 10 ሜጋኸርዝ ኦሲሌተሮች በርካሽ ስለሚገኙም ገዢው ቶሎ ይማረካል።

ሆኖም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ምድጃው ክሪስታሉን ያረጋዋል እንጂ ትክክል አያደርገውም። 0.3 ፒፒኤም ፈጥኖ የቆመ ባለ ምድጃ ኦሲሌተር ሳይናወጥ፣ በሚያስደንቅ ጽናት፣ ዓመቱን ሙሉ 0.3 ፒፒኤም ፈጥኖ ይኖራል፤ በዓመቱ መጨረሻ 9 ሰከንድ ተኩል ይቀድማል። በደንብ ከተስተካከለ ዲኤስ3231 ያንሳል ማለት ነው። ምድጃ የሚገዛ ሰው አብሮ መግዛት ያለበት የማስተካከያ ዘዴ ነው፤ ያለዚያ የገዛው ውድ ማሞቂያ ነው።

ማስተካከያው በአንድ እግር በኩል ነው። ብዙዎቹ ኦሲሌተሮች ፍጥነታቸውን በጥቂቱ የሚለውጥ የቮልቴጅ መቀበያ እግር አላቸው። መጠኑ ከ0 እስከ 4 ቮልት፣ ጠቅላላ የመለወጥ አቅሙ 1 ፒፒኤም የሆነ ኦሲሌተር እንውሰድ። አንድ ሚሊ ቮልት ፍጥነቱን በ0.00025 ፒፒኤም ያነቃንቀዋል፤ ይህ በቀን 21.6 ማይክሮ ሰከንድ ነው። ስለዚህ ያንን እግር ከተራ የኃይል ምንጭ ላይ በተራ ማዞሪያ ሬዚስተር መመገብ ምድጃውን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። ክሪስታሉ ከሙቀት ተጠብቆ ማስተካከያው ለሙቀት ይጋለጣል። የተረጋጋ የማጣቀሻ ቮልቴጅ ቺፕና አሥር ዙር የሚዞር ጥሩ ማዞሪያ መግዛት ግድ ነው። አንዳንዱ ኦሲሌተር የማጣቀሻውን ቮልቴጅ ራሱ በሌላ እግር ያወጣል፤ እንዲህ ያለውን ካገኙ ይምረጡት።

ቀጥሎ እርጅና አለ። በቀን 0.0005 ፒፒኤም የሚያረጅ ኦሲሌተር እንበል፤ ኢምንት ይመስላል። ስሕተቱ ግን በየቀኑ በራሱ ላይ እየተከመረ ይሄዳል፤ ፍጥነቱም ይለወጣል፣ የተለወጠው ፍጥነትም ይደመራል። ጨርሶ ካልተነካ በዓመት 2.9 ሰከንድ ይስታል። በየወሩ ፍጥነቱን መልሶ የሚያስተካክለው ባለቤት ቢኖረው ግን በእያንዳንዱ ወር የሚስተው 19 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው፤ የዓመቱ ድምር ሩብ ሰከንድ አይሞላም። ያው ዕቃ ነው፤ ልዩነቱ የባለቤቱ ትጋት ነው። ያገለገለ ኦሲሌተር እዚህ ላይ ከአዲሱ ይሻላል ብል ማጋነን አይደለም፤ ለዓመታት ሲሠራ የኖረ ክሪስታል የእርጅናውን ፈጣን ክፍል ጨርሷል።

የመጨረሻው ፈተና መብራት ነው። ምድጃው ሲነሣ ከ3 እስከ 5 ዋት፣ ከሞቀ በኋላም ከ1 እስከ 2 ዋት ይፈጃል። መብራት ሲጠፋ ይቀዘቅዛል፤ ተመልሶ ሲሞቅ የቀድሞ ፍጥነቱን በትክክል አያገኝም፤ ለመርጋትም ቀናት ይፈልጋል። ስለዚህ የመጠባበቂያ ባትሪ የግድ ነው፤ ያውም ክብ ባትሪ አይበቃም። 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ በወረቀት ላይ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ሙሉው ሰዓት 2 ዋት ቢፈጅ 40 ሰዓት ያህል ማቆየት አለበት። ባትሪው ሲያረጅና የቮልቴጅ ለውጡ ሲታሰብ ከዚያ ያነሰ ይጠብቁ። መብራት ደጋግሞ በሚቋረጥበት ቤት ያለ ባትሪ የሚሠራ ባለ ምድጃ ሰዓት ከዲኤስ3231 ይከፋል።

ከ10 ሜጋኸርዝ ወደ አንድ ሰከንድ መውረዱስ? እዳው ገብስ ነው። ለአሥር የሚያካፍል ደረጃ ሰባት ጊዜ ቢደረደር ይበቃል፤ 74ኤችሲ390 የተባለው ቺፕ ሁለት ደረጃ በአንድ ስለሚይዝ አራት ቺፕ መግዛት ነው። በማይክሮኮንትሮለር የሚሠራ ሰው ግን አንድ ወጥመድ ይጠብቀዋል፦ በ16 ሜጋኸርዝ የሚሮጥ ኤቲሜጋ328 (የአርዱዊኖ ኡኖ ዋና ቺፕ) በመቁጠሪያ እግሩ የሚቀበለው እስከ 6.4 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። 10 ሜጋኸርዙን በዚያ እግር ማስገባት አይሆንም፤ በክሪስታሉ እግር አስገብቶ ቺፑን ራሱን በኦሲሌተሩ ምት ማስሮጥ ነው። ኦሲሌተሩ የሚያወጣው ክብ ሞገድ ከሆነ ደግሞ ቆጣሪው እንዲረዳው መጀመሪያ በአንድ ኢንቨርተር ቺፕ ወደ አራት ማዕዘን ምት ይለወጣል።

ምድጃውን ራሱን በቤት መሥራት

የተዘጋጀውን ከመግዛት ይልቅ ምድጃውን ራሱን መሥራት የሚያምረው ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት 32,768 ኸርዙን ክሪስታል ማሞቅ እንደሌለበት ነው። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከእሱ ነው፤ በእጁ ያለው እሱ ስለሆነ። ያ ክሪስታል የተሠራው ለ25 ዲግሪ ነው። 50 ዲግሪ ላይ ሲቆም 21 ፒፒኤም ያህል ይዘገያል፤ ይህ ቋሚ ስለሆነ በስሌት ይታረማል። ችግሩ በዚያ ቦታ አንድ ዲግሪ ለውጥ 1.7 ፒፒኤም ማምጣቱ ነው። ምድጃዎ በአሥረኛ ዲግሪ ትክክል ቢሆን እንኳ 0.17 ፒፒኤም ይወዛወዛል። ሳይሞቅ 25 ዲግሪ አካባቢ ቢቀመጥ ይሻለው ነበር።

ለዚህ ሥራ የሚገዛው ከ4 እስከ 16 ሜጋኸርዝ የሆነ፣ ኤቲ በሚባል አቅጣጫ የተቆረጠ ተራ ክሪስታል ነው። የዚህ ዓይነቱ ከሙቀት ጋር ያለው ግንኙነት ከሹካ መሳዩ 32,768 ኸርዝ ክሪስታል የተለየ ሲሆን፣ ከክፍል ሙቀት በላይ ፍጥነቱ መለወጥ የሚያቆምበት አንድ መታጠፊያ አለው። መታጠፊያው ለእያንዳንዱ ክሪስታል ይለያያል። ምድጃውን ቀስ እያሉ ማሞቅና ፍጥነቱን በየዲግሪው መመዝገብ ነው፤ መውረዱን ትቶ መውጣት የሚጀምርበትን ሙቀት ሲያገኙ ምድጃውን እዚያ ላይ ያቁሙት። መታጠፊያው ክፍሉ በሞቃት ቀን ከሚደርስበት ቢያንስ 15 ዲግሪ ከፍ ካላለ ሌላ ክሪስታል ይሞክሩ፤ ርካሽ ስለሆኑ አሥር መግዛት አያከስርም።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ የአውራ ጣት ያህል አሉሚኒየም፣ በላዩ የሚታሰር ማሞቂያ ትራንዚስተር፣ 10 ኪሎ ኦም ቴርሚስተር (ሙቀት የሚለካ ሬዚስተር)፣ አንድ ኦፕ አምፕ (የቮልቴጅ ልዩነት የሚያጎላ ቺፕ)ና ዙሪያውን የሚሸፍን ፎም። ቴርሚስተሩ የሚቀመጠው ከማሞቂያው ሳይሆን ከክሪስታሉ ጎን ነው። ማሞቂያው እንደ ቴርሞስታት የሚበራና የሚጠፋ ሳይሆን በልዩነቱ መጠን ቀስ ብሎ የሚጨምርና የሚቀንስ ይሁን፤ አለዚያ ክሪስታሉ በየደቂቃው ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ደግሞም ክሪስታሉ ብቻውን አይግባ። የኦሲሌተሩ ካፓሲተሮችም ከሙቀት ጋር ስለሚለወጡ ሙሉው የኦሲሌተር ሰርኪዩት አብሮ ይሙቅ። ይህ ሁሉ ደስ የሚል ሥራ ነው። በገንዘብ ሲሰላ ግን ያገለገለ የፋብሪካ ኦሲሌተር ይረክሳል፣ ይበልጣልም፤ ስለዚህ ይህን መንገድ የሚመርጠው መሥራቱን ራሱን የሚወድ ሰው ነው።

ሳተላይት

የጂፒኤስ ሳተላይቶች የአቶም ሰዓት ተሸክመው ይዞራሉ። በርካሽ የሚሸጥ የጂፒኤስ ሞጁል ከአቀማመጥ መረጃው ሌላ በአንድ እግሩ በየሰከንዱ አንድ ምት ያወጣል፤ ይህም ምት ከትክክለኛው ሰከንድ በአሥሮች ናኖ ሰከንድ ቢርቅ ነው። ምንም የሚስተካከል ነገር የለውም፤ አያረጅም፤ ከዓመት በኋላም እንደ መጀመሪያው ቀን ነው። በትክክለኛነት ብቻ ከተወዳደሩ ከላይ የተዘረዘሩትን ሁሉ ያስንቃል።

ታዲያ ለምን ሌላ ይገዛል? ሞጁሉ ሰማይ ማየት አለበት። በኮንክሪት ፎቅ መካከል ያለ ክፍል ምልክቱን ያፍነዋል፤ አንቴናውን መስኮት ላይ ማውጣት ያስፈልጋል። ምልክቱ በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ በራሱ መቁጠር አለበት፤ ያኔ ከሥሩ ያለው ክሪስታል ጥራት እንደገና ጥያቄ ይሆናል። ባለ ምድጃ ኦሲሌተርና ጂፒኤስ አብረው ሲሠሩ አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚሸፍነው እዚህ ነው፦ ኦሲሌተሩ በአጭር ጊዜ ውስጥ ጽኑ ነው፣ በረጅም ጊዜ ይሸሻል፤ ሳተላይቱ በአጭር ጊዜ ጥቂት ይንቀጠቀጣል፣ በረጅም ጊዜ ፈጽሞ አይሸሽም።

ሁለት ነገር ሠሪውን ግራ ያጋባሉ። አንደኛው የ18 ሰከንዱ ነው። የጂፒኤስ የራሱ ጊዜ ዓለም ከሚጠቀምበት ሰዓት ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ 18 ሰከንድ ይቀድማል። ሞጁሉ ልዩነቱን ከሳተላይት ሲቀበል ያስተካክለዋል፤ ሙሉው መልእክት ለመተላለፍ ግን 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። አዲስ የበራ ሞጁል ለጥቂት ደቂቃዎች የተሳሳተ ሰከንድ ቢያሳይ አልተበላሸም። ሁለተኛው የምቱና የጽሑፉ ቅደም ተከተል ነው። ሞጁሉ መጀመሪያ ምቱን ይሰጣል፤ ሰዓቱ ስንት እንደነበረ የሚናገረው ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ጽሑፉ የሚናገረው ስላለፈው ምት ነው። ፕሮግራሙ በሚቀጥለው ምት ላይ አንድ ሰከንድ ጨምሮ ካላሳየ በናኖ ሰከንድ የተለካው ሰዓት ሁልጊዜ አንድ ሙሉ ሰከንድ ወደ ኋላ ይቀራል።

ሌሎቹ በአጭሩ

ኢንተርኔት ላለው ቤት ዋይፋይ ያለው ኢኤስፒ32 ቦርድ ሰዓቱን ከኢንተርኔት በሚሊ ሰከንዶች ልዩነት ያመጣል፤ ለግድግዳ ሰዓት ከበቂ በላይ ነው፣ ግን ሰዓት ሠራሁ ከማለት ሰዓት ጠየቅሁ ማለት ይቀርበዋል። የሬዲዮ ሰዓት መቀበያ የሚሠራው ማሠራጫው በሚደርስበት ብቻ ነው፤ የጀርመኑ ዲሲኤፍ77 በ77.5 ኪሎኸርዝ፣ የአሜሪካው ደብልዩደብልዩቪቢ በ60 ኪሎኸርዝ ያሠራጫሉ፤ ከክልላቸው ውጭ መቀበያው ከንቱ ነው። ከግድግዳ መብራት የሚመጣውን 50 ወይም 60 ኸርዝ መቁጠር ደግሞ ለአሠርት ዓመታት የሠራ ብልሃት ነው። ይሁን እንጂ በ2018 መጀመሪያ ላይ በኮሶቮና በሰርቢያ መካከል በተነሣ የኃይል አቅርቦት ውዝግብ የአውሮፓ መስመር ፍሪኩዌንሲ ወርዶ፣ በእሱ የሚቆጥሩ ሰዓቶች ከሃያ በሚበልጡ አገሮች ወደ 6 ደቂቃ ዘግይተዋል። ያገለገለ የሩቢዲየም ኦሲሌተር መግዛትም ይቻላል። ከማንኛውም ኳርትዝ ይበልጣል፤ ነገር ግን አሥር ዋትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፣ በውስጡ ያለው መብራትም እያገለገለ ይደክማል፣ ምን ያህል እንደቀረው ሻጩም አያውቅም። ለሰዓት ብቻ ሲሉ አይግዙት።

| አማራጭ | ሳይነካ በዓመት የሚስተው | የኃይል ፍጆታ | የሚጥለው |
|---|---|---|---|
| ተራ 32,768 ኸርዝ ክሪስታል | እስከ 10 ደቂቃ | ኢምንት | የክፍሉ ሙቀት |
| ዲኤስ3231 | ቢበዛ 1 ደቂቃ ያህል፣ ተስተካክሎ ጥቂት ሰከንድ | ኢምንት | እርጅና |
| ባለ ምድጃ 10 ሜጋኸርዝ | ተስተካክሎ ጥቂት ሰከንድ፣ በየወሩ ከታረመ ከአንድ ሰከንድ በታች | 1–2 ዋት | የመብራት መቋረጥ |
| ጂፒኤስ | ምልክት እስካለ ድረስ ምንም | ከአንድ ዋት በታች | ሰማይ አለማየት |

እንግዲህ ለማን የትኛው

ሰዓቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚታይ ከሆነና ባለቤቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሊነካው ፈቃደኛ ከሆነ ዲኤስ3231 ይግዛ፤ ምድጃውን ይርሳው። ዐይን የአንድ ሰከንድ ልዩነት የሚለየው ሌላ ሰዓት ጎን ሲቆም ብቻ ነው። መስኮት ካለና ጨርሶ መንካት ካልተፈለገ ጂፒኤስ ከዲኤስ3231 ጋር ማጣመር ከሁሉ ርካሹ ትክክለኛ ሰዓት ነው፤ ሳተላይቱ ቺፑን ያርማል፣ ምልክቱ ሲጠፋ ቺፑ ይቆጥራል። ባለ ምድጃውን የምመክረው የፍሪኩዌንሲ መለኪያም ጭምር ለሚፈልግ፣ መጠባበቂያ ባትሪ ለሚገዛ፣ ወይም ያለ ምንም የውጭ ምልክት በራሱ ብቻ የቆመ ሰዓት መሥራት ክብሩ ለሆነ ሰው ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው የጂፒኤስ ሞጁል በወር አንድ ቀን ብቻ ለማስተካከያ ቢከፈት ይበቃል፤ የሁለቱን የሰከንድ ምት በኦሲሎስኮፕ ጎን ለጎን አድርጎ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ በስንት ማይክሮ ሰከንድ እንደተራራቁ ማየት ነው። 86.4 ማይክሮ ሰከንድ ከተራራቁ ስሕተቱ 0.001 ፒፒኤም ነው።

ያገለገለውን ኦሲሌተር የሚገዛ ሰው ዕቃው በደረሰው ቀን ሊያየው የሚገባ ነገር አለ። መጀመሪያ ቮልቴጁን ያረጋግጥ፤ 5 ቮልትና 12 ቮልት የሆኑት በመልክ አይለዩም፣ 12 ቮልት የገባበት የ5 ቮልት ኦሲሌተር አይድንም። ከዚያ አምፒር ሜትር በመስመሩ ላይ አስገብቶ ያብራው። የፍጆታው ቁጥር ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በአንድ ጊዜ መውረድ ይጀምርና ከመነሻው ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ላይ ይቆማል። ምድጃው ሞቆ ማሞቂያው ረገበ ማለት ነው። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከቀረ ወይም ከመጀመሪያው ዝቅ ብሎ ከተነሣ ምድጃው አይሠራም፤ የ10 ሜጋኸርዝ ምት ቢያወጣም ገንዘቡን ያስመልስ። ቁጥሩ በደንብ ከወረደ የማስተካከያ ቮልቴጁን በክልሉ መካከል ላይ አቁሞ ለሳምንት ያህል ሳያጠፋ ይተወው። የሳተላይቱን ምት ለማግኘት ስንት ቮልት እንደፈለገ ይመልከት፤ ወደ ክልሉ ዳር ከተጠጋ ክሪስታሉ አርጅቶ ከማስተካከያው ሊያመልጥ ነው። በመጨረሻ በሣጥኑ ውስጥ በየትኛው ጎኑ እንደሚቀመጥ ከማስተካከሉ በፊት ይወስን። ኳርትዝ የመሬት ስበት ይሰማዋል፤ ኦሲሌተሩ ቢገለበጥ ፍጥነቱ በ0.001 ፒፒኤም አካባቢ ሊለወጥ ይችላልና፣ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ተኝቶ የተስተካከለው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል እንደገና መስተካከል ይፈልጋል።